የናፍጣ ሞተር ጥገናን መማር፦ ለስልክ የሚተወውና ጋራዥ ብቻ የሚያስተምረው

ኦንላይን ኮርስ ወይስ ጋራዥ ብሎ ከሁለት አንዱን መምረጥ አያስፈልግም። በናፍጣ ሞተር ሙያ ውስጥ ከጋራዥ ይልቅ በቪዲዮ ቶሎ የሚገባ ነገር አለ፤ የፈለገውን ያህል ቪዲዮ ቢታይም እጅ ላይ የማይመጣ ነገር ደግሞ አለ። አንዱን ለሌላው ቦታ የሰጠ ተማሪ ወይ ስሙን ሁሉ እያወቀ ብሎን ይበጥሳል፣ ወይ ዕድሜ ልኩን ምክንያቱን ሳያውቅ ዕቃ ይቀይራል።

ስልኩ ላይ ጨርሱት

የሞተሩ ውስጣዊ አሰራር በስልክ ቢማሩት ይሻላል። የናፍጣ ሞተር አየርን እንደ ስሪቱ ከ16 እስከ 22 እጥፍ አምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነዳጁን ያለ ካንዴላ ያቀጣጥላል። ፒስተን፣ ቫልቭና ኖዝል (ነዳጅ የሚረጨው) በአራቱ ምቶች፣ ማለትም በመሳብ፣ በማመቅ፣ በማቃጠልና በማስወጣት፣ እንዴት ተቀናጅተው እንደሚሰሩ በአኒሜሽን ሲታይ ቁልጭ ይላል፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ሞተሩ ወይ ተዘግቶ ይሰራል ወይ ተፈትቶ ቆሟል። የኤሌክትሪክ መስመር ስዕል ማንበብ፣ የሴንሰሮች አሰራርና የብልሽት ኮድ ትርጉምም እንዲሁ ናቸው። ባለመኪና በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ዋናው መካኒክ ይህን ቁጭ ብሎ ሊያስረዳችሁ አይችልም።

የገባችሁ መሆኑን እንዲህ ፈትኑ። ናፍጣው ከታንኩ ተነስቶ በፊልትሮው፣ በፖምፓው፣ በኖዝሉ አልፎ ሲሊንደር እስኪገባ፣ ትርፉም ወደ ታንክ እስኪመለስ ድረስ ያለውን መንገድ ምንም ሳታዩ ወረቀት ላይ ሳሉ። በየመገጣጠሚያው «እዚህ ቢደፈን ምን ይሆናል? እዚህ አየር ቢያስገባስ?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ። ይህን መሙላት ካልቻላችሁ ቀጣዩን ቪዲዮ አትክፈቱ።

የጥገና ማንዋል ማንበብንም ቀድማችሁ ልመዱ። ቴሌግራም ላይ ብዙ ማንዋል ይዞራል፤ ግን መጀመሪያ ብሎኩ ላይ የተመታውን የሞተር ኮድ አንብቡ። 4ኤችኤፍ1 እና 4ኤችኬ1 ሁለቱም የአይሱዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ናቸው፤ ይሁንና የመጀመሪያው በሜካኒካል ፖምፓ፣ ሁለተኛው በኮመን ሬል (ነዳጁ በከፍተኛ ግፊት ከአንድ የጋራ ቱቦ ለሁሉም ኖዝሎች በሚከፋፈልበት ስርዓት) ይሰራል። የአንዱን አሰራር በሌላው ላይ መሞከር ሞተርም ሰውም ይጎዳል።

የውጭ ኮርስ የማይነግራችሁ፦ ከፍታ

አብዛኛው የኦንላይን ትምህርት የተዘጋጀው ለባህር ወለል ቅርብ በሆነ ቦታ ለሚሰራ መካኒክ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቷ ከባህር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህ በምርመራ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

አንደኛ፣ የኮምፕሬሽን ልክ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ግፊት። ማንዋሉ 30 ባር ካለ፣ ጤነኛ የሆነ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 23 ባር አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ያላለቀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እንዲቀየር ያዛል። ከማንዋሉ ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ፤ ሦስቱ 23 ሆነው አንዱ 16 ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። መለኪያው የናፍጣ መሆን አለበት፣ እስከ 70 ባር የሚያነብ። የቤንዚኑ መለኪያ ይሰበራል።

ሁለተኛ፣ ጭስ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ባህር ወለል ላይ በተስተካከለ የነዳጅ መጠን እዚህ ቢሰራ አየሩ ስለሚያንስ ዳገት ላይ ጥቁር ያጨሳል። ወደ ኖዝል ከመሄዳችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ይናገራል። ነጭ ጭስ ግን ሁለት ዓይነት ነው፦ ዓይን የሚያቃጥልና ናፍጣ የሚሸት ከሆነ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ የራዲያተር ውሃም አብሮ የሚቀንስ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክዳንና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል።

ሦስተኛ፣ ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተር ክዳን እዚህ ከቆላው ይበልጥ ወሳኝ ነው። ስፕሪንጉ በደከመ ክዳን የሚፈላን ሞተር ቴስታታ ማውረድ የተለመደ ብክነት ነው። ክዳኑን በግፊት መለኪያ ፈትሹ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ግፊት መያዝ አለበት።

የመጀመሪያው የእጅ ስራ፦ የቫልቭ ክፍተት

ስልኩና እጁ የሚገናኙበት ጥሩ መጀመሪያ ይህ ነው። እንደ 4ጄቢ1 ያለ ሜካኒካል የአይሱዙ ሞተር ላይ ጀምሩ፤ ልኩ ለመሳቢያ ቫልቩም ለማስወጫ ቫልቩም 0.40 ሚሊ ሜትር ነው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ።

የቫልቭ ክዳኑን ፍቱ። ኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ከፊት ባለው የፑሊ ብሎን በቁልፍ፣ በእጅ እያዞራችሁ የላይኛውን ጫፍ ምልክት አስገጥሙ። የ1ኛውን ሲሊንደር ሁለት ሮከሮች (ቫልቮቹን የሚገፉ ማንሻዎች) በጣት ወዝውዟቸው። ሁለቱም ትንሽ ከላሉ 1ኛው በማመቂያው ጫፍ ላይ ነው። ከጠበቁና የ4ኛው ከላሉ ኮሎውን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ከዚያ የ1ኛውን ሁለቱንም፣ የ2ኛውን መሳቢያ፣ የ3ኛውን ማስወጫ አስተካክሉ። አንድ ሙሉ ዙር አዙራችሁ የ4ኛውን ሁለቱንም፣ የ3ኛውን መሳቢያ፣ የ2ኛውን ማስወጫ። ይህ ቅደም ተከተል የመጣው ከተኩስ ተራው ነው፦ 1-3-4-2።

እስከዚህ ያለውን ቪዲዮ ይነግራችኋል። ቀሪው የጣት ነው። የ0.40 ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ቀጭን ብረት) ሲጎተት መጠነኛ ያዝ ማድረግ አለበት፤ 0.45 ግን መግባት የለበትም። ጀማሪ ሁልጊዜ የሚሳሳተው ዳዶውን ሲያጠብቅ ነው፤ ማስተካከያው ብሎን አብሮ ይዞርና ክፍተቱ ይቀየራል። በካቻቢቴ ያዙት፣ አጥብቁት፣ ከዚያ እንደገና ለኩ። የሮከሩ አፍ ተበልቶ ጎድጓዳ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋው ፊለር ጌጅ በጉድጓዱ ላይ ተንሳፎ ያልፋል፤ እናንተ 0.40 አነበባችሁ፣ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ ይበልጣል፣ ሞተሩም መንኳኳቱን አያቆምም። ከመጠን በላይ ማጥበቅ የባሰ ነው። ቫልቩ ሲሞቅ ይረዝምና ወንበሩ ላይ በደንብ አይቀመጥም፣ ከዚያ ይቃጠላል።

አየር ማውጣት

ነዳጅ ፊልትሮ የተቀየረበት ሁሉ ይህን ይፈልጋል። በሜካኒካል ፖምፓ ላይ ፊልትሮው አናት ያለውን ማስተንፈሻ ብሎን አላልታችሁ የእጅ ፓምፑን እየገፋችሁ አረፋ የሌለው ንጹህ ናፍጣ ሲወጣ አጥብቁ። ካልተነሳ የኖዝል ቱቦዎቹን ዳዶ ከግማሽ እስከ አንድ ዙር አላልታችሁ በሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) አዙሩ፤ ነዳጅ ሲረጭ በየተራ አጥብቁ። ሞተሪኖን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አትጫኑት፣ መሃል ላይ አሳርፉት። አየር ወጥቶ ካለቀ በኋላ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ካስቸገረ ችግሩ የመሳቢያ መስመር ነው፦ የደረቀ ጎማ ቱቦ፣ የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ወይም የፊልትሮ ጎማው ተጣጥፎ መግባቱ። ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው በመሃል ብትገጥሙ አረፋው ከየት እንደሚመጣ በዓይን ታያላችሁ።

ኮመን ሬል ላይ ግን ከፍተኛ ግፊት ያለውን ቱቦ በሚሰራ ሞተር ላይ በጭራሽ አታላሉ። ሞተሩ ዝም ብሎ ሲዞር እንኳ ግፊቱ 300 ባር ገደማ ነው፤ ጭነት ላይ ከ1,600 ሊያልፍ ይችላል። ይህ ግፊት ናፍጣን ቆዳ በስቶ ስጋ ውስጥ ያስገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ያህል ትንሽ ይመስላል፣ ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ካልተሄደ ጣት ያስቆርጣል። ፍሳሽ በካርቶን ቁራጭ ይፈለጋል፣ በእጅ አይዳሰስም። ከጠፋ በኋላም ግፊቱ እስኪወርድ ማንዋሉ ያለውን ያህል ጠብቁ። ይህን ስራ ብቻችሁን ከቪዲዮ አትጀምሩት።

የ12 ቮልቱ ርካሽ የብሉቱዝ ስካነር ለፒካፕ ያገለግል ይሆናል፤ ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ ከሰካችሁት ሊቃጠል ይችላል። ለጭነት መኪና 24 ቮልት እንደሚችል የተጻፈበትን ፈልጉ።

ጋራዥ ውስጥ ብቻ

የቴስታታ ጓርኒሲዮን ስራ ከዚህ ይመደባል። ብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ጓርኒሲዮኑ በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ የትኛው እንደሚገባ የሚወሰነው ፒስተኑ ከብሎኩ ገጽ ምን ያህል ብቅ እንዳለ በዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ ትክክለኛ መለኪያ) ተለክቶ ነው። በአሮጌው ላይ ያሉትን ምልክቶች ሳይቆጥሩ ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያ) ሄዶ «የዚህ መኪና ጓርኒሲዮን» ብሎ መግዛት አደገኛ ነው። ወፍራም ከሆነ ጠዋት አይነሳም፤ ቀጭን ከሆነ ፒስተን ከቫልቭ ይገናኛል። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ) ይጠበቃሉ። የብሎኑ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውሃ ከቀረ ቶርኩ ሐሰት ይሆናል፣ ብሎኩም ሊሰነጠቅ ይችላል። ብሎን ሲጠብቅና ሊበጠስ ሲለሰልስ ያለውን ልዩነት ክንድ እንጂ ስክሪን አያሳይም።

ጋራዥ ስትመርጡ ስሙንና ስፋቱን ተዉት፤ ሁለት ነገር እዩ። ቶርክ ሬንች በስራ ላይ ይውላል ወይስ ተሰቅሏል? የተፈታ ሞተር ንጹህ ቦታ ላይ፣ በቅደም ተከተል ይቀመጣል? እነዚህ ከሌሉ የምትማሩት መጥፎ ልማድ ነው። መጀመሪያ ዕቃ ማጠብ ይሰጣችኋል፤ አትናቁት። የተላጠ ብሮንዝ (ኮሎው የሚዞርበት ማረፊያ)፣ የተጫረ ሲሊንደር፣ የተቃጠለ ቫልቭ በእጃችሁ የሚያልፈው ያኔ ነው። ማታ ያንኑ ዕቃ በስልክ አንብቡ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ። በየቀኑ በደብተር ጻፉ፦ ደንበኛው ያለው፣ የተለካው ቁጥር፣ የተገኘው፣ የተቀየረው።

የኦንላይን ሰርተፍኬት ብቻውን የብቃት ምዘና አያሳልፍም። ሲኦሲ በሚባለው በዚህ ምዘና ላይ መዛኙ ፊት ለፊት በእጅ መስራት አለ፤ ስለዚህ መለኪያ መያዝና ያነበባችሁትን መናገር ተለማመዱ። አዲስ አበባ ያላችሁ እንደ ተግባረ ዕድና ጄኔራል ዊንጌት ባሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የአውቶሞቲቭ ስልጠና ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የኤኤስኢን (የአሜሪካ መካኒኮች ብቃት ማረጋገጫ ተቋም) የናፍጣ ሞተር ፈተና፣ ቲ2 የሚባለውን፣ በኦንላይን ትምህርት መዘጋጀት ትችላላችሁ፤ ሰርተፍኬቱን ለማግኘት ግን ከማለፍ በተጨማሪ በመደበኛው የሁለት ዓመት የስራ ልምድ ይጠየቃል። ስለዚህ የትም ብትሰሩ የጀመራችሁበትና ያቆማችሁበት ቀን፣ የሰራችሁባቸው መኪናዎች ዓይነት የተጻፈበት ማህተም ያለው ደብዳቤ ከጋራዡ ሳትወጡ ተቀበሉ።