በሥራ ላይ ያለን የተርሚናል ትእዛዝ ሳያቋርጡ ወደ ሌላ ተርሚናል እንዴት ማዛወር ይቻላል?

በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ተርሚናል በሚያስገባው ፕሮግራም) ወደ ሩቅ ሰርቨር ገብተው የጀመሩት ሥራ ገና ግማሹ ላይ ነው። አንድ የፓይተን ፕሮግራም ትልቅ የመረጃ ፋይል መስመር በመስመር እያነበበ ወደ ዳታቤዝ እያስገባ ነው እንበል። ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው፣ ላፕቶፑን ይዞ መሄድ የግድ ነው። ወይም የመብራቱና የኔትወርኩ ሁኔታ አያስተማምንም። መስኮቱ ከተዘጋ ሥራው አብሮ ይቆማል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ሥራውን በገዛ እጁ አቋርጦ በማግስቱ ከዜሮ ይጀምራል። የሰዓታት ድካም እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝናል፤ ምክንያቱም መስኮቱ እስካልተዘጋ ድረስ ሥራውን ሳያቋርጡ ወደ ሌላ ተርሚናል ማዛወር ይቻላል።

መጀመሪያ ሥራው ለምን እንደሚቆም እንረዳ። ግንኙነቱ ሲቋረጥ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ በዚያ ተርሚናል ላይ ላለው ሼል (ትእዛዞችዎን ተቀብሎ ለሚያስኬደው ፕሮግራም) ሲግሃፕ የተባለውን ሲግናል ይልካል፤ ቁጥሩ 1 ነው። ተርሚናሎች በስልክ መስመር ይገናኙ በነበረበት ዘመን፣ መስመሩ መቋረጡን ለፕሮግራሞች ለማሳወቅ የተዘጋጀ ሲግናል ነው። ሼሉ ይህን ሲቀበል እርሱ ለጀመራቸው ሥራዎች ሁሉ ያስተላልፈዋል፤ ፕሮግራሙ ለዚህ ሲግናል የተለየ ምላሽ ካልተጻፈለት ወዲያውኑ ያበቃል። ስለዚህ ማዛወር ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ሥራውን ከአሮጌው ሼል መዝገብ ማስወጣትና አዲስ ተርሚናል መስጠት። ብዙ መመሪያዎች የመጀመሪያውን ብቻ ነግረው ይተዋሉ፤ ሁለተኛው ሲቀር ምን ችግር እንደሚመጣ መጨረሻ ላይ እናየዋለን።

ከዚህ በታች ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን አስቀምጣለሁ። ለስሕተት የሚያጋልጡትን ፊደል በፊደል እዘረዝራለሁ፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል፣ ካልተባለ በቀር በትንንሹ ይጻፏቸው።

ዝግጅት

የመጀመሪያውን መስኮት ለጊዜው አይንኩት። ሌላ መስኮት ከፍተው ወደዚያው ሰርቨር በዚያው የተጠቃሚ ስም እንደገና ይግቡ። ሁለት ፕሮግራሞች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ቲሙክስ ነው፤ ፊደሎቹ ቲ፣ ኤም፣ ዩ፣ ኤክስ ናቸው። ሰርቨሩ ላይ የሚኖር፣ እርስዎ ቢወጡም የማይዘጋ ተርሚናል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ያለውን ስክሪንን የለመዱ ሰዎች በእርሱም ተመሳሳይ ነገር ማድረግ ይችላሉ። ሁለተኛው ሬፕታይር ነው፤ ፊደሎቹ አር፣ ኢ፣ ፒ፣ ቲ፣ ዋይ፣ አር። ኔልሰን ኤልሃጅ የተባለ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ ያቀረበው ሲሆን፣ የዛሬው ጉዳይ ዋናው መሣሪያ እርሱ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ሁለቱም በተለመደው የሱዶ አፕት ኢንስቶል ትእዛዝ ይጫናሉ። ማክኦኤስ ላይ ሬፕታይር አይሠራም።

ከተጫኑ በኋላ በሁለተኛው መስኮት ቲሙክስ ብለው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። ከታች በኩል ባለ ቀለም መስመር ከታየ አዲሱ ቤት ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ከአሮጌው ሼል ማስወጣት

አሁን ወደ መጀመሪያው መስኮት ይመለሱ። የኮንትሮልና የዜድ ቁልፎችን አብረው ይጫኑ። ፕሮግራሙ አልጠፋም፣ ባለበት ቆሟል፤ ሼሉም ትእዛዝ የሚቀበልበትን መስመር መልሶ ያሳያል። እዚህ ላይ አይዘግዩ። ፕሮግራሙ ከዳታቤዝ ወይም ከሌላ ሰርቨር ጋር እየተነጋገረ ከሆነ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ሲል ወዲያ ማዶ ያለው ወገን ግንኙነቱን ሊዘጋበት ይችላል። ለጥቂት ሰከንድ መቆሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም።

ወዲያውኑ ቢጂ ብለው ይጻፉ፤ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፣ ቢ እና ጂ። ፕሮግራሙ ከበስተጀርባ ሥራውን ይቀጥላል። የሚያወጣቸው መልእክቶች አሁንም እዚያው መስኮት ላይ ስለሚታዩ እርስዎ ከሚጽፉት ጋር ሊደባለቁ ይችላሉ፤ አይደናገጡ፣ ትእዛዙ በትክክል ይደርሳል። ቀጥለው ጆብስ ብለው ከአንድ ክፍተት በኋላ ሰረዝና ትንሹን ኤል ያክሉ። በቅንፍ ውስጥ የሥራውን ተራ ቁጥር፣ ከጎኑ ደግሞ የሂደቱን መለያ ቁጥር ያሳይዎታል፤ 48213 ነው እንበል። ወረቀት ላይ ይጻፉት።

ከዚያ ዲስኦውን ይጻፉ፤ ፊደሎቹ ዲ፣ አይ፣ ኤስ፣ ኦ፣ ደብልዩ፣ ኤን ናቸው። ባሽ የተባለው ሼል ሥራውን ከመዝገቡ ይሰርዘዋል፤ መስኮቱ ሲዘጋም ሲግሃፕን አያስተላልፍለትም። ከበስተጀርባ ከአንድ በላይ ሥራ ካለዎት ከትእዛዙ ቀጥሎ የፐርሰንት ምልክትና የሥራውን ተራ ቁጥር ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ሼሉ የሚሰርዘው እርስዎ ያላሰቡትን ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን መስኮቱን አይዝጉ።

ወደ አዲሱ ተርሚናል መውሰድ

ወደ ቲሙክሱ ይሂዱና ሬፕታይር ብለው ከክፍተት በኋላ 48213ን ይጻፉ። ሁሉ ነገር ከተሳካ የፕሮግራሙ ውጤት እዚህ መታየት ይጀምራል። ጸጥ ካለ ደግሞ ፕሮግራሙ ገና የሚያወጣው ነገር ስለሌለው ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ይጠብቁ።

በውስጥ የሚሆነው ነገር ድንቅ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲጀምር ሦስት በሮች ይሰጡታል፦ 0 የሚገባበት፣ 1 የሚወጣበት፣ 2 ስሕተት የሚነገርበት። ሬፕታይር ፒትሬስ በተባለው የከርነል አገልግሎት ፕሮግራሙን ለቅጽበት ያስቆመዋል፤ ፕሮግራሙ ራሱ እንዳደረገው ሆኖም አዲሱን ተርሚናል ያስከፍተውና ሦስቱን በሮች ወደዚያ ያዞራቸዋል። ተቆጣጣሪ ተርሚናሉንም ጭምር ይቀይርለታል። ኮንትሮልና ሲ ሲጫኑ ፕሮግራሙ ከአዲሱ ቦታ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በዓይንዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፤ እኔም አጥብቄ እመክራለሁ። ፕሮክ በተባለው ማኅደር ውስጥ በ48213 የተሰየመ ማኅደር አለ፤ በእርሱ ውስጥ ደግሞ ኤፍዲ የሚባል። የኤፍዲን ዝርዝር በኤልኤስ ትእዛዝ ከሰረዝ ኤል ጋር ይመልከቱ። ከዝውውሩ በፊት 0፣ 1 እና 2 ለምሳሌ ወደ ፒቲኤስ 0 (ፒቲኤስ የተከፈቱ ተርሚናሎች የሚሰየሙበት ነው) ያመለክቱ ነበር፤ ከዝውውሩ በኋላ ፒቲኤስ 4 ወይም ሌላ አዲስ ቁጥር ያሳያሉ። አሮጌው ቁጥር ከሦስቱ በአንዱ ላይ ከቀረ ዝውውሩ ሙሉ አይደለም፤ መስኮቱን ለመዝጋት አይቸኩሉ።

እምቢ ካለ

በብዛት የሚያጋጥመው መልስ ፈቃድ የለም የሚል ነው። ኡቡንቱ ከ10.10 እትሙ ጀምሮ አንድ ፕሮግራም የራሱ ዝርያ ያልሆነን ሌላ ፕሮግራም እንዳይነካ ይከለክላል። ክልከላው ተገቢ ነው፤ አለበለዚያ አንድ ተንኮል አዘል ፕሮግራም የሌላውን የይለፍ ቃል ከኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ሊያነብ ይችላል። የአስተዳዳሪ ሥልጣን ካለዎት ክልከላውን ለአንድ አፍታ ማንሳት ይችላሉ። ማስተካከያው በፕሮክ ውስጥ፣ ሲስ፣ ከርነል፣ ያማ በሚል ቅደም ተከተል በተቀመጡት ማኅደሮች መጨረሻ ላይ ያለው ፒትሬስ ስኮፕ የተባለ ፋይል ነው፤ ሁለቱ ቃላት በግርጌ ሰረዝ ይያያዛሉ። በውስጡ ያለውን 1 ወደ 0 ይቀይሩ፣ ሬፕታይርን እንደገና ያስኬዱ፣ እንዳበቃ ወደ 1 ይመልሱት። መመለሱን ለነገ አያሳድሩት።

ሌላው እንቅፋት ልጆች ያሉት ሂደት ነው። ፋይሎችን የሚቀዳው አርሲንክ ለምሳሌ ራሱን ከፋፍሎ ይሠራል፤ ሌሎች ፕሮግራሞችን የሚጠራ ስክሪፕትም እንዲሁ ነው። ሬፕታይር እንዲህ ያለውን በተለመደው መንገድ አይቀበልም። ከሂደቱ ቁጥር በፊት ሰረዝና ትልቁን ቲ ይጨምሩ። ያን ጊዜ አንዱን ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን የአሮጌውን ተርሚናል ሙሉ ክፍለ ጊዜ፣ ሼሉን ጭምር ይወስዳል። በኤስኤስኤች የገቡበት ተርሚናል ከሆነ ይህ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ስለሚጠይቅ በሱዶ ያስኬዱት።

መውጣትና መመለስ

በቲሙክሱ ውስጥ የኮንትሮልና የቢ ቁልፎችን አብረው ተጭነው ይልቀቁ፤ ከዚያ የዲ ቁልፍን ብቻ ይጫኑ። ከቲሙክሱ ወጥተዋል፣ ሥራው ግን ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። አሁን ሁለቱንም መስኮቶች መዝጋትና ላፕቶፑን ማጠፍ ይችላሉ። ከቤት ወይም ከሌላ ኮምፒውተር ሲመለሱ ወደ ሰርቨሩ ገብተው ቲሙክስ አታች ይበሉ፤ ፊደሎቹ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኤች ናቸው። ውጤቱን ካቋረጡበት ያገኙታል።

ሬፕታይርን መጫን ካልቻሉ

ሰርቨሩ የሌላ ሰው ከሆነና ሥልጣን ከሌለዎት ዲስኦውን ብቻ ይቀራል። ይሠራል፤ ነገር ግን የፕሮግራሙ ሦስት በሮች አሁንም ወደ ተዘጋው ተርሚናል ነው የሚያመለክቱት። ሲግሃፕ ባይገድለውም፣ መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ አንድ መስመር ለመጻፍ ሲሞክር ከከርነሉ የስሕተት መልስ ይደርሰዋል፤ በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ይህን ስሕተት የሚይዝበት መላ ካልተበጀለት እዚያው ይወድቃል። ስለዚህ በዲስኦውን ብቻ ከመተማመንዎ በፊት ኤፍዲን ይመልከቱ። 1 እና 2 ወደ ፋይል የሚያመለክቱ ከሆነ፣ ፕሮግራሙም ከቁልፍ ሰሌዳው የሚጠብቀው ነገር ከሌለ፣ መስኮቱን መዝጋት ይችላሉ። ወደ ፒቲኤስ የሚያመለክቱ ከሆነና ፕሮግራሙ በየጊዜው የሚጽፍ ከሆነ ግን ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ጋር አገናኝተው፣ እንዳይተኛ አስተካክለው፣ ሥራው እስኪያልቅ ክፍት መተው ይሻላል።