ስልክ ላይ የሚሠራው ኮድ ኮምፒውተር ላይ ሲገባ፦ የፍላተር ችግሮችና መፍትሄያቸው

ፍላተር በሚባለው የአፕ መሥሪያ የተሠራ አንድ ፕሮጀክት ይዞ ለአንድሮይድም ለዊንዶውስም አፕ ማውጣት ይቻላል። የዊንዶውስ ድጋፉ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የተረጋጋ ነው፤ ማክና ሊኑክስም በዚያው ዓመት ተከትለዋል። ጣጣው የሚመጣው «የጋራ» ያልነው ኮድ ውስጥ የስልክ አሠራር ተደብቆ ሲገባ ነው። ፍላተር ዶክተርን (የሚያስፈልገው ሁሉ መጫኑን የሚፈትሸውን ትዕዛዝ) አሂዳችሁ ሁሉም አረንጓዴ ነው ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ አፑ ዊንዶውስ ላይ ሲነሳ «ዳታቤዝ ፋክተሪ ኖት ኢኒሻላይዝድ» ይላል

ኤስኪውፍላይት የሚባለው የዳታቤዝ ፓኬጅ አንድሮይድን፣ አይኦኤስንና ማክን ነው የሚያውቀው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ላይ «ኤስኪውፍላይት ኮመን ኤፍኤፍአይ» የሚባለውን ፓኬጅ ጨምሩ። ከዚያ ሜይን ውስጥ፣ ረንአፕ ከመጠራቱ በፊት፣ ኢኒት ፈንክሽኑን ጥሩና ዳታቤዝ ፋክተሪውን በኤፍኤፍአዩ ተኩት። ሁለት መስመር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ሠራ!» ብሎ ይዘጋዋል። ዋናው መከራ ግን ገና አልጀመረም።

ምልክት፦ እኔ ጋ ይሠራል፣ ደንበኛው ጋ ዳታው ጠፋ

በተደጋጋሚ እጄ ላይ የሚመጣው ይሄ ነው።

ስልክ ላይ «ጌት ዳታቤዝስ ፓዝ» ስትሉ የአፑን የግል ፎልደር ይሰጣችኋል፣ ሁሌም ያው ነው። ኤፍኤፍአዩ ግን ምንም ካልነገራችሁት ፕሮግራሙ በተነሳበት ፎልደር ስር ነጥብ ዳርት ቱል የሚባል ፎልደር ከፍቶ ዳታቤዙን እዚያ ያስቀምጣል። እናንተ ስትሞክሩት የሚነሳው ከፕሮጀክቱ ፎልደር ስለሆነ ምንም አይታያችሁም። ደንበኛው ጋ ሲደርስ በሁለት መልክ ይመጣል።

አንዱ፣ አፑ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ተጭኖ ከዚያው ሲነሳ ነው። እዚያ መጻፍ ስለማይፈቀድለት ዳታቤዙን መክፈት አልቻልኩም ይላል፤ የዳታቤዙ ሞተር የኤስኪውላይት ስህተት ቁጥር 14 ናት። እባካችሁ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» አድርጉ ብላችሁ ደንበኛውን አትሸኙት! በሽታው አልዳነም፣ ተሸፍኗል እንጂ።

ሁለተኛው የባሰ ነው፣ ምንም ስህተት አያሳይም። አንድ ፋርማሲ ጠዋት ደወሉልኝ፣ የመድኃኒት መዝገቡ ባዶ ነው። ሄጄ ሳይ፣ ኮምፒውተሩን ያስተካከለላቸው ልጅ አፑ ራሱ እንዲነሳ ብሎ ትንሽ ባች ፋይል ጽፎ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጧል። አፑ ከዚያ ሲነሳ እዚያው አዲስ ዳታቤዝ ፈጠረ። ፋይሎቹ ስማቸው አንድ ነው፤ አንዱ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው ትናንት ማታ፣ ሌላው ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት። የጠዋቱ ሽያጭ እዚህ፣ የዓመቱ ክምችት እዚያ። ልጁ አላጠፋም። የትም ተነስ ቢባል ዳታውን ማግኘት ያለበት አፑ ነው።

መፍትሄው፦ ፓዝ ፕሮቫይደር ከሚባለው ፓኬጅ «ጌት አፕሊኬሽን ሰፖርት ዳይሬክተሪ»ን ተጠቀሙና ለዳታቤዙ ሙሉውን አድራሻ ስጡት። ይህን ግን የጋራ ኮድ ውስጥ አትጥሩት። ሜይን ይወቀው፣ የጋራው ክላስ ደግሞ አድራሻውን በኮንስትራክተር ይቀበል። የዳታቤዝ ኮድ ውስጥ «አንድሮይድ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ከሆነ» የሚል ኢፍ በየቦታው ሳይ በጣም ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ከስድስት ወር በኋላ አንዱ ኢፍ ተረስቶ ይቀራል። አድራሻ ስትቀጥሉም በእጅ ስላሽ አትጻፉ፣ የፓዝ ፓኬጁ ጆይን አለላችሁ።

ተጠንቀቁ፦ ዊንዶውስ ላይ ይህ ፎልደር ያለው አፕዳታ ሮሚንግ ውስጥ፣ በድርጅቱና በምርቱ ስም ስር ነው። ስሞቹ የሚመጡት ረነር አርሲ ከሚባለው ፋይል ነው። ሳትነኩት ከተዋችሁት የድርጅቱ ስም «ኮም ኤግዛምፕል» ሆኖ ይወጣል። ደንበኛ እጅ ከመግባቱ በፊት አስተካክሉት። ከገባ በኋላ ከቀየራችሁት አፑ ሌላ ፎልደር ይፈልጋል፣ በአፕዴት ማግስት ስልካችሁ አያርፍም።

ተጠንቀቁ፦ ሁለት ገንዘብ ያዦች በየራሳቸው የዊንዶውስ አካውንት ከገቡ ሮሚንጉም ሁለት ነው፣ ዳታውም ሁለት ይሆናል።

ተጠንቀቁ፦ ዶክዩመንትስ ውስጥ አታስቀምጡ። ሰው ፎልደሩን ሲያጸዳ ያጠፋዋል።

የድሮውን ዳታ ወደ አዲሱ ቦታ ስታዛውሩ መጀመሪያ አፑን ዝጉት። ከፋይሉ ጎን ዋል ወይም ጆርናል የሚል ቅጥያ ያለው ካለ አብሮ ይሂድ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ፣ ከፕሮጀክቱ የራቀ ፎልደር ውስጥ ግቡና አፑን በሙሉ አድራሻው አስነሱት። የቅድሙ ዳታ ከታየ ጨርሳችኋል።

የቀሩት ባጭሩ

«ሚሲንግ ፕለጊን ኤክሴፕሽን» ከመጣ፣ ፕለጊኑን ገና አሁን ከጨመራችሁት ሆት ሪሎድ አይበቃም፣ አፑን አቁማችሁ እንደገና ቢልድ አድርጉ። ካልሆነ የፓኬጁ ገጽ ላይ ዊንዶውስ የሚል ምልክት መኖሩን እዩ፤ ከሌለ አትድከሙ።

ዊንዶውስ ላይ ሠርቶ ሊኑክስ ላይ ኢምፖርት አላገኘሁም ካለ፣ የፋይል ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ተቀላቅሏል።

ዝርዝሩ በማውስ ተይዞ ካልተጎተተ፣ ስክሮል ቢሄቪየሩ ላይ ማውስን ጨምሩ።

የአማርኛው ፊደል ከኮምፒውተር ኮምፒውተር መልኩ ከተለያየ ወይም ሳጥን ከሆነ፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከአፑ ጋር አብራችሁ ላኩት። የሰው ኮምፒውተር ላይ ባለ ፎንት አትመኩ።

አፑ ደንበኛው ጋ ጭራሽ ካልተነሳ፣ ኢኤክስኢውን ብቻ በፍላሽ ገልብጣችሁ ወስዳችኋል ማለት ነው። ይሄ አሁንም ይገጥመኛል! የሪሊዝ ፎልደሩ በሙሉ፣ ከነዳታ ፎልደሩና ከነዲኤልኤሎቹ መሄድ አለበት። ሁሉም ሄዶ ቪሲ ራንታይም 140 የለም ካለ ደግሞ የማይክሮሶፍቱን ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል ጫኑለት።