የድሮ የእንጨት መስኮት ስትጠግኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ፔትዎርዝ ሰፈር ያለውን ቤታችንን ስንገዛ ከ11 መስኮት የሚከፈተው ሁለት ነበር። እሱም በትግል። ቤቱ በፈረንጆቹ የ1920ዎቹ ነው፤ ግራና ቀኙ ከጎረቤት ጋር የተጣበቀ፣ ፊቱ ላይ በረንዳ ያለው። መስኮቶቹ እዚህ አገር የድሮ ቤት ላይ ሁሉ የምታዩዋቸው ናቸው። ሁለት የእንጨት ክፈፎች፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታሉ። ክፈፉን ሳሽ ይሉታል። እኛ ያደግነው በማጠፊያ ወደ ውጭ በሚከፈት መስኮት ነው። ይሄኛው ሲነክስ ምን እንደሚደረግ ማን ነግሮን? እኔም አላውቅም ነበር።

እስከ ዛሬ ስምንቱን ጠግኛለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መጀመሪያ አበላሽቼ ነው የጠገንኳቸው። ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼንም ቤት አየሁ። እነዚህን መስኮቶች የሚገድላቸው እርጅና ሳይሆን ጥገና ነው። የሠራቸው አናጢ ተፈተው እንዲታደሱ አድርጎ ነው የሠራቸው። ከሱ በኋላ የመጣው ሁሉ ግን ቀለም፣ ሲሊኮንና ምስማር ይዞ እየመጣ አጣበቃቸው።

ሻጩ ከቤት ሳይወጣ መፈረም

መጀመሪያ የመጣው ሰው መስኮቶቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «እነዚህ አልቆላቸዋል» አለኝ። ሁሉንም አውጥቶ ቪኒል በሚሉት ፕላስቲክ ሊቀይርልኝ። ዛሬ ከፈረምክ ቅናሽ አለ። ዛሬ ብቻ። ለመፈረም ትንሽ ነበር የቀረኝ። «ቡናውን ይጠጣና ይሂድ፣ እኛ እናስብበት» ያለችው ባለቤቴ ናት።

የድሮው እንጨት ዛሬ ገበያ ላይ እንደምናገኘው አይደለም። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ቀስ ብሎ ያደገ ዛፍ ስለሆነ ቀለበቶቹ የተቀራረቡ ናቸው። ቶሎ እንዲደርስ ከተተከለ ጥድ ይልቅ መበስበስን ይቋቋማል። የቪኒሉ ድርብ መስታወት ዳር ዳሩ የታሸገ ነው። እሽጉ አንድ ቀን ሲለቅ መሃሉ ጉም ይይዛል፤ ያን ጉም የሚጠርግ ሰው የለም። መስታወቱ በሙሉ ተነቅሎ ሌላ ይገባል። መለዋወጫው ከጠፋ ደግሞ መስኮቱ ራሱ ይጣላል። የድሮው ላይ ሳሹን የያዘው ገመድ ቢበጠስ የሚቀየረው ገመድ ነው። በቃ።

«ብርዱስ?» ትሉኛላችሁ። ነጠላ መስታወት ሙቀት ያስወጣል፤ አይካድም። ግን በውጭ በኩል ስቶርም ዊንዶው የሚባለው ተጨማሪ መስታወት ከተደረገበት በመስታወቱ የሚያልፈው ሙቀት ወደ ግማሽ ይወርዳል። ፊታችሁ ላይ የሚነፍሰው ደግሞ በመስታወቱ ሳይሆን በክፍተቱ የሚገባው ነው፤ እሱ በጥቂት ዶላር ማሸጊያ ይደፈናል።

ሌላም ነገር አለ። ሌድሮይት ፓርክ ወይም ማውንት ፕለዘንትን በመሰሉ በታሪካዊነት በተመዘገቡ ሰፈሮች የምትኖሩ ከሆነ መስኮት ለመቀየር አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሻጩ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

አቧራውን መናቅ

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት በሚውል ቀለም ውስጥ ሊድ እንዳይገባ የከለከለችው በ1978 ነው። ሊድ ማለት እርሳስ ነው፤ መጻፊያው ሳይሆን ብረቱ። ቤታችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ፣ በተለይ እንደኔ የ1920ዎቹ ከሆነ፣ ተመርምሮ ነጻ እስኪባል ድረስ የመስኮቱ ቀለም እርሳስ አለበት ብላችሁ ተነሡ።

መስኮት ከግድግዳ የሚብሰው እንጨት በእንጨት ላይ ስለሚፋተግ ነው። በከፈታችሁና በዘጋችሁ ቁጥር ቀለሙ እየተፈጨ ደፉ ላይ ይረግፋል። ልጅ ደግሞ ውጭ ለማየት የሚንጠለጠለው እዚያው ደፍ ላይ ነው። ከዚያ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ከስድስት ዓመት በታች ላሉት ይብሳል።

ብዙ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተነሥቶ፣ ማሽኑ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ገጥሞ፣ ደረቁን ቀለም ይፈገፍጋል። ወዲያው ቤቱ በሙሉ በደቃቅ አቧራ ይለብሳል። ሌላው በነበልባል ያቃጥለዋል። በነበልባል ማቃጠልም ሆነ 1100 ዲግሪ ፋራናይትና ከዚያ በላይ በሚግል ሂት ገን፣ ማለትም ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ፣ መላጥ ለተቋራጮች ክልክል ነው። በሴልሺየስ 593 ገደማ መሆኑ ነው። እርሳሱ ይተንና በትንፋሽ ይገባል።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ልጆቹን ከቤት አስወጣለሁ። ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ወለሉ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ አነጥፋለሁ። ቀለሙን ውሃ እየነፋሁበት፣ እርጥቡን በእጅ እፍቃለሁ። ፒ100 የተባለ ማጣሪያ ያለው ማስክ አደርጋለሁ፤ ያ የኮቪድ ጊዜ የጨርቅ ማስክ እዚህ አይሠራም። ስጨርስ ሄፓ የተባለ፣ ደቃቅ አቧራ የሚይዝ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም እስባለሁ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። የሥራ ልብሴ ከልጆቹ ልብስ ጋር አይታጠብም። ሐኪማቸውን ጠይቄም የልጆቹን ደም አስመርምሬያለሁ፤ ቀላል ምርመራ ነው።

ሰው ቀጥራችሁ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ከ2010 ወዲህ እንዲህ ባሉ ቤቶች ቀለም የሚነካ ተቋራጭ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ፣ ከኢፒኤ፣ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ወረቀቱን አሳየኝ ለማለት አትፈሩ። «ኧረ እኔ የአገር ልጅ ነኝ» ማለት የምስክር ወረቀት አይደለም።

በካቻቢቴ መፈልቀቅ

የመጀመሪያውን መስኮት የሰበርኩት በዚህ ነው። ታችኛው ሳሽ አልነሣ ሲለኝ ካቻቢቴ ከሥሩ ሰክቼ በመዶሻ መታሁት። የታችኛው እንጨት ከመገጣጠሚያው ተላቀቀ፤ መስታወቱም ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ያ መስታወት ትንሽ ወለምለም የሚል፣ የድሮ ነበር። በሱ ውስጥ ስታዩ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዛፍ ውሃ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ዛሬ ተራ ሱቅ ገብቶ እንደዚያ ያለ መስታወት አይገዛም።

አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ቀለም ብቻ ነው። መጀመሪያ በከተር ሳሹ ግድግዳው ላይ ከተተከለው ፍሬም የሚገናኝበትን መስመር ዙሪያውን ቁረጡ። ከውስጥም፣ ከቻላችሁ ከውጭም። ቀጥሎ ስስ ስፓቱላ አስገብታችሁ ቀስ በቀስ አላቅቁት። ከዚያ በውስጥ በኩል ሳሹን ደግፋ የያዘችውን ቀጭን ጠርዝ እንጨት ከመሃሏ ጀምራችሁ ንቀሉ፤ ከጫፍ ከጀመራችሁ ትሰበራለች። እሷ ስትነሣ ታችኛው ሳሽ ወደ ውስጥ ይወጣል። በሁለቱ ሳሾች መካከል ሌላ ቀጭን እንጨት አለች። ያቺ ስትወጣ ላይኛውም ይወጣል። ብዙ ጊዜ የምትሰበረው እሷ ናት፤ አትዘኑ፣ ርካሽ ናት።

የምታወጡትን ሁሉ ቁጥር ጻፉበት። እኔ አልጻፍኩም። አሥር ተመሳሳይ የሚመስሉ እንጨቶች ሳሎን ወለል ላይ ዘርግቼ ማታውን ሙሉ ስገጣጥም አመሸሁ። ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ እያንዳንዱ ለራሱ ቦታ ነው የተላገው።

ግድግዳው ውስጥ ያለውን ብረት አለማወቅ

ለጓደኞቼ ስነግራቸው የሚገርማቸው ይሄ ነው። ከመስኮቱ ግራና ቀኝ፣ ከፍሬሙ ጀርባ፣ ባዶ ሳጥን አለ። በውስጡ እንደ አጭር ዱላ ያለ የብረት ክብደት በገመድ ተንጠልጥሏል። ገመዱ ከላይ በፑሊ ዞሮ ሳሹ ጎን ላይ ይታሰራል። ሥራው እንደ ሚዛን ነው። 20 ፓውንድ የሚመዝን ሳሽ ግራና ቀኙ ላይ አሥር አሥር ፓውንድ ገደማ ብረት አለው። ለላይኛው ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንዳይወርድ። ለታችኛው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በራሱ እንዳይነሣ። ገመዱ ደህና ከሆነ መስኮቱን በሁለት ጣት ታነሡታላችሁ።

ገመዱ ሲበጠስ ሰው ሳሹን በዱላ ወይም በመጽሐፍ ይደግፈዋል። አንድ ቀን ጣት ላይ ይወርዳል። ሌላው ደግሞ ናይሎን ገመድ ይገዛል። ናይሎን ይለጠጣል፤ የተጠለፈ የጥጥ ገመድ፣ ውፍረቱ ሩብ ኢንች የሆነ፣ ይሻላል። ርዝመቱን ስትቆርጡ ሳሹ ጥግ ድረስ ሲነሣ ብረቱ የሳጥኑን ወለል እንዳይነካ፣ ሳሹ ሲዘጋ ደግሞ ፑሊው ላይ እንዳይደርስ አድርጉ። ብረቱን ለማውጣት ግድግዳ አትስበሩ። ፍሬሙ ላይ ከታች በኩል አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ክዳን አለች። በቀለም ስለተሸፈነች አትታይም፤ በጣታችሁ ጥፍር ፈልጓት።

ከሁሉ የከፋው ግን ብርድ ለመከላከል ብሎ ያንን ሳጥን በሚያብጥ ፎም መሙላት ነው። ፎሙ ብረቱን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል። ለማጽዳት ሁለት ቀን የፈጀብኝ አንድ መስኮት አለ፤ ፎሙን የሞላውን የቀድሞ ባለቤት ስንት ጊዜ እንዳነሣሁት አልናገርም።

ፑቲና ቀለም ላይ መቸኮል

መስታወቱን በእንጨቱ ላይ የሚያስረው፣ አገር ቤት ስቱኮ የምንለው ዓይነት፣ ፑቲ ነው። ባህላዊው የሚሠራው ከጠመኔ ዱቄትና ከተልባ ዘይት ነው። አዎ፣ ያው ተልባችን። ሲያረጅ ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ይገባበታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ሲሊኮን ይቀባል። ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም፤ ነገ መስታወቱ ቢሰበር ደግሞ ለማውጣት መከራ ነው።

የደረቀውን ፑቲ በመሮ እየመቱ ማውጣትም ያው መስታወት መስበር ነው። እንፋሎት ያለሰልሰዋል። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት እንጨቱን ፕራይመር የሚባለውን፣ ከቀለም በፊት የሚቀባ የዘይት ቀለም ቀቡት። ደረቅ እንጨት ላይ በቀጥታ ከለጠፋችሁት እንጨቱ ዘይቱን ይመጠውና ፑቲው ቶሎ ይፈረካከሳል። ከመስታወቱ ሥርም ስስ ፑቲ አንጥፉ፤ ከላይ ብቻ አይበቃም። ከዚያ ጠብቁ። የተልባ ዘይት ፑቲ ላዩ ቆዳ እስኪይዝ ቀናት፣ አንዳንዴ ሳምንታት ይፈልጋል። ቀለም ስትቀቡ ብሩሹ ወደ መስታወቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይለፍ። ያቺ ቀጭን መስመር ናት ውሃ የምትከለክለው። ብዙ ሰው አሳምሮ በቴፕ ይሸፍንና ልክ ጠርዙ ላይ ይቆርጣታል።

በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ቅርጫት ውስጥ ከተጣለ ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ ሊነድም ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

የበሰበሰ እንጨትም ላይ ያው ጥድፊያ አለ። በወስፌ ውጉት። ጠንካራ ከሆነ ተዉት። ከገባላችሁ እስከ ደህናው ድረስ ፍቁና አድርቁት፤ ትንሽ ከሆነ ኢፖክሲ በሚባል፣ ሲደርቅ በሚጠነክር የእንጨት መሙያ ሙሉት፣ ትልቅ ከሆነ ቆርጣችሁ ተመሳሳይ እንጨት ጣፉበት። እርጥብ እንጨት ላይ ኢፖክሲ መድፈን ቁስልን ሳያጥቡ እንደማሸግ ነው።

የስቶርሙን ቀዳዳ መድፈን

ስቶርም ዊንዶው ከታች ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ስህተት አይደሉም፤ ውሃ መውጫ ናቸው። በሲሊኮን ከደፈናችኋቸው ውሃው ደፉ ላይ ይተኛል፣ ደፉም ይበሰብሳል።

ሁሉንም በአንዴ መፍታት

በኖቬምበር ሦስት መስኮት ፈትቶ በፕላስቲክ ሸፍኖ የከረመ ጓደኛ አለኝ። ሚስቱ እስካሁን ታነሣበታለች። አንድ በአንድ፣ ሙቀት ሳለ፣ ከማይታየው የኋላ መስኮት ጀምሩ።

የሚንሸራተተውን ክፍል መቀባትና ላይኛውን መርሳት

ሳሹ የሚሄድበት መስመር ላይ፣ ገመዱና ፑሊው ላይ ቀለም አይቀባም። እዚያ የሚያስፈልገው ሰም ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ የጧፍ ቁራጭ ነው የማሸው፤ ግሩም ይሠራል።

ላይኛው ሳሽ ደግሞ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በየቤቱ በቀለም ወይም በምስማር ተቸንክሮ ነው የማገኘው። ግን የመስኮቱ ብልሃት ያለው እዚያ ነው። ሞቃቱ አየር በላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። እኛ ቤት ቡና በተቆላ ቁጥር የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮህና ልጄ ከሥሩ ቆሞ በፎጣ ያራግብለት ነበር። አሁን የስቶርሙን መስታወት እከፍታለሁ፣ ላይኛውን ሳሽ አንድ ስንዝር ዝቅ፣ ታችኛውን አንድ ስንዝር ከፍ አደርጋለሁ። ጭሱ እየተጎተተ በላይ ይወጣል፤ ማስጠንቀቂያውም ዝም ይላል። ልጄ ግን አላመነኝም። መቁያው ምድጃ ላይ ሲጣድ ፎጣውን ይዞ ይቆማል።