ዲኤክሷ ውሃ ስታፈላ፦ ራዲያተር ከመግዛታችሁ በፊት

የሽሮ ሜዳን ዳገት በአሮጌ ዲኤክስ የሚወጣ ሰው ዓይኑ ከመንገዱ እኩል የሙቀት ጌጁ ላይ ነው። መርፌዋ ከግማሽ አልፋ ወደ ቀዩ ስትጠጋ መኪናዋን ዳር ያሲዛል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ከዚያ ምክሩ ይዘንባል። አንዱ «ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ቀይረው» ይላል። ሌላው «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው፣ እዚህ አገር አያስፈልግም» ይላል (ቴርሞስታት ማለት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ቫልቭ ነው)። ሦስተኛው ደግሞ «ቴስታታው ነው፣ ይውረድ» ብሎ ይፈርዳል፣ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ክፍል ማለቱ ነው።

የአንዳቸው ግምት ሊይዝ ይችላል። ግን አንዳቸውም አላዩም፣ የተናገሩት በግምት ነው። እኔ የምለው መጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ ነው፣ ዕቃ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ፍለጋው ግቢ ውስጥ በጥቂት መፍቻ የሚሠራ ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ሆኖ ይገኛል።

መኪናዋን መንከባከቡ ዛሬ ከድሮው ይበልጥ ያስፈልጋል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በቆዩ መኪኖች ላይ ታክሱን አከበደው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። ግቢያችሁ ያለችውን አሮጌ መኪና መተካት ቀላል አይደለም።

ምሳሌ የማደርጋት ባለ 4ኬ ሞተሯን ኮሮላ ነው፣ ፋብሪካው ኬኢ70 የሚላትን፣ እኛ ዲኤክስ የምንላትን። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣች ናት። ሞተሯ 1,290 ሲሲ ነው፣ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ይበልጥ ይለጠጣል። እየፈላች «ቤት ብቻ ታድርሰኝ» ብላችሁ ከነዳችኋት ቴስታታው ይጣመማል፣ ከብሎኩ ጋር የሚያሽገው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ በአንዲት የራዲያተር ክዳን ያልቅ የነበረው ነገር የሞተር ሥራ ሆኖ ቁጭ ይላል። መርፌዋ ቀዩ ጋ ስትደርስ ቁሙ። ለመቆሚያ የሚሆን ቦታ እስክታገኙ ድረስ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱት፣ ከሞተሩ ትንሽ ሙቀት ይወስዳል። ከቆማችሁ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉባት።

የአዲስ አበባ ነገር

ይህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስለዚህ ውሃ እዚህ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተሩ ደግሞ በጤናውም ከ85 እስከ 90 ዲግሪ ላይ ይሠራል። እንግዲህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ምንም ያልታመመ ሞተር እንኳ ዳገት ላይ ውሃ ያፈላል ማለት ነው።

ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። በካሬ ሴንቲሜትር 0.9 ኪሎ ግፊት ይይዛል ማለት ነው። በዚያ ግፊት ውሃው አዲስ አበባ ላይም እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ልዩነቱን አያችሁት? ይህን ሁሉ የምታደርገው በክዳኗ ሥር ያለችው ጎማና ስፕሪንግ ናት።

ስለዚህ ከክዳኑ ጀምሩ። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ የላይኛውን ቱቦ በእጃችሁ ጨብጣችሁ ሙቀት ከሌለው በኋላ ብቻ ክፈቱት። ትኩስ ሳለ የከፈተ ሰው ፊቱንና እጁን ይቃጠላል፣ ጨርቅ ይዤ ነው ማለት አያድንም። ከዚያ ጎማዋን እዩ፦ ከደረቀች፣ ከተሰነጠቀች፣ የራዲያተሩ አንገት ጠርዝ ጠልቆ ካተመባት ሥራዋ አልቋል። መሐል ላይ ያለችውን ትንሿን ክብ ቫልቭ በጥፍራችሁ ሳብ አድርጉ፣ ተከፍታ ስትለቋት መመለስ አለባት። ይህቺ ቫልቭ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ጠርሙስ ውሃ መልሳ የምታስገባ ናት። ማታ ያቆማችኋት መኪና ጠዋት የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ተጨምድዶና ተጣብቆ ካገኛችሁት፣ ወይም ጠርሙሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለ፣ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት።

የምትሞቀው መቼ ነው?

መካኒክ ጋ ብትሄዱም መጀመሪያ ሊጠይቃችሁ የሚገባው ይህን ነው። ትራፊክ ላይ ቆማ ከሞቀችና መንገድ ሲለቀቅላት ከቀዘቀዘች ችግሩ የአየር ነው፣ ፋኑንና ቺንጋውን (የሚያዞረውን ቀበቶ) እዩ። በዲኤክስ ፋኑም የውሃ ፖምፓውም ዲናሞውም የሚዞሩት በዚሁ ቺንጋ ነው። በአውራ ጣት ጫን ስትሉት ወደ አንድ ሳንቲሜትር ገባ ማለት አለበት፣ ከዚያ በጣም ከረገበ ያንሸራትታል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፋኑን ክንፍ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። ከተንገጫገጨ የፖምፓው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ሄዷል። ከፖምፓው ሆድ ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ የዝገት ወይም የውሃ መስመር ካያችሁ ደግሞ ውስጡ ያለው ማኅተም አልቋል፣ ፖምፓው ይቀየራል፣ ክርክር የለውም።

በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ረጅም መንገድ በፍጥነት ስትነዳ ወይም ዳገት ስትወጣ ብቻ ከሞቀች ራዲያተሩ በዝገትና በደለል ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ትኩስ ሆኖ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ፋኑ መቆሙን አይታችሁ፣ የራዲያተሩን ፊት በመዳፋችሁ በጥንቃቄ ዳስሱት። ከዳር እስከ ዳር ተመሳሳይ ሙቀት ከሌለው፣ አንዱ ቦታ ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ፣ እዚያ ጋ ውሃ አያልፍም። የድሮው የመዳብና የነሐስ ራዲያተር ከሆነ አትጣሉት፣ ራዲያተር ሠሪ ከላይ ፈትቶ ይጠርገዋል፣ መልሶ ይበይደዋል። የፕላስቲክ ጭንቅላት ያለው አዲሱ ዓይነት ግን እንዲህ አይጠገንም።

ሌላው ምልክት ከተነሳች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጌጁ ወደ ቀዩ ሲወጣ የላይኛው ቱቦ ገና ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ይህ ሲሆን ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ቴርሞስታቱን ማውጣትና መፈተሽ

እባካችሁ አውጥታችሁ አትጣሉት። «አገሩ ሞቃት ነው» የሚለው ወሬ ለአዲስ አበባ ጠዋት አይሠራም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ብዙ ይቆያል፣ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም እንደሚገባው አይሠራም፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። አንዳንድ ሞተሮች ላይ ጭራሽ ሲወጣ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ እየተመለሰ ሙቀቱን ያብሰዋል። ተጣብቆ የነበረ ቴርሞስታት ሲወጣ መኪናዋ ለጊዜው ትቀዘቅዛለች፣ ሰውም «አየህ፣ አያስፈልግም» ይላል። መድኃኒቱ ግን የሚሠራ ቴርሞስታት መግጠም ነው።

ሥራው ይህን ይመስላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ። ከራዲያተሩ ሥር ባለችው ማፍሰሻ ውሃውን በባልዲ አውጡ፣ ምን ያህል እንደወጣ ለኩ። ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ከሆነ መሬት ላይ አትድፉት፣ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፣ ከዚያም ይገድለዋል። ከዚያ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ከሞተሩ ጫፍ ተከተሉት፣ ቴስታታው ፊት ለፊት በሁለት ቡሎን የታሰረች ትንሽ የአሉሚኒየም ክዳን ላይ ያደርሳችኋል። ቴርሞስታቱ ያለው እሷ ሥር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባለ 12 መፍቻ ይፈታቸዋል። ግን ቀስ በሉ፣ የዓመታት ዝገት ስላለባቸው በጉልበት ከመጣችሁ አንገታቸው ይበጠሳል። ቀደም ብላችሁ ማታ የዝገት ማላቀቂያ ቅቧቸው፣ በመዶሻ የቡሎኑን ራስ መታ መታ አድርጉ፣ መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁ፣ ከዚያ ፍቱ። እምቢ ሲል መልሳችሁ አጥብቁና እንደገና ሞክሩ። ክዳኗ ከተጣበቀችም ካቻቢቴ ሰክታችሁ አትፈልቅቁ፣ አሉሚኒየሙ ይቧጨርና ኋላ ያፈስባችኋል። በእንጨት ጎኗን መታ መታ ስታደርጓት ትለቃለች።

አሁን ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ ጣዱት፣ የድስቱን ሥር እንዳይነካ። ላዩ ላይ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፣ መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ የድስቱ ውሃ አዲስ አበባ ውስጥ ከ92 አያልፍም ብለናል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ ባለ 82ቱ ደህና ክፍት ሲል ታያላችሁ፣ ሙሉውን አይደለም። ባለ 88ቱ ጠበብ ያለ ክፍተት ቢያሳይ «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት። ጨርሶ ካልተነቃነቀ ግን ሞቷል። ከውሃው ስታወጡትም ሲቀዘቅዝ ግጥም ብሎ መዘጋት አለበት።

ስትመልሱት ስፕሪንጉና ሲሞቅ የሚለጠጠውን ሰም የያዘው ክፍል ወደ ሞተሩ ይዙር። ከዳሩ ላይ የምትነቃነቅ ትንሽ ፒን ካለችው እሷ ወደ ላይ ትሁን፣ አየር የሚያመልጠው በሷ በኩል ነው። የድሮውን ጓርኒሲዮን ፍርፋሪ በደንብ ጥረጉ። አዲስ ጓርኒሲዮን ግጠሙ፣ ሲሊኮን ከቀባችሁም ስስ ይሁን፣ የተረፈው ተቆርሶ ውስጥ ይገባና ራዲያተሩን ይደፍናል። ቡሎኖቹን ተራ በተራ እኩል አጥብቁ፣ አሉሚኒየም ነውና አትጨክኑበት።

ሱማሌ ተራ ስትሄዱ

አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። የኬ ሞተሮች ብዙ ዕቃ ይጋራሉ፣ በአንዳንድ የቶዮታ ላይትኤስ ቫን ላይ ያለው 5ኬ ጭምር። ቢሆንም በተለይ የፖምፓው ቁመትና የፋኑ መግጠሚያ ሊለያይ ስለሚችል ሻጩ «ይገባል» ስላለ ብቻ አትመኑ።

ያገለገለ ኦሪጂናል መግዛት የምወደው ነገር ነው፣ ግን ለሁሉም ዕቃ አይሆንም። ራዲያተር፣ የፋን ክንፍ፣ የቴርሞስታት ክዳን፣ ቡሌጆ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ)፣ እነዚህ ያገለገሉ ቢሆኑ ግድ የለም፣ እንዲያውም ከብዙ አዲስ ኮፒ ይሻላሉ። የራዲያተር ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ ቱቦና ቺንጋ ግን አዲስ ብቻ። ጎማና ሰም መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ቱቦውን ጨመቅ አድርጉት፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ተዉት።

ኩላንት ስትገዙ የታሸገ ይሁን፣ ቀለም የተቀባ ውሃ የሚሸጥም አለ። ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር አዋህዱት። የባትሪ ውሃ የሚባለው ይሆናል፣ አሲዱ እንዳይሆን ብቻ ጽሑፉን አንብቡ። የቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞሉ መንዳት ነው ብሎኩን አዝጎ ራዲያተሩን የሚደፍነው።

ስትሞሉ መኪናዋን አፍንጫዋ ሽቅብ እንዲሆን አቁሟት፣ የካቢኑን ማሞቂያ ሙቅ ላይ አድርጉት። ቀስ ብላችሁ ሙሉ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ አስነሷት። አየሩ እየወጣ ውሃው ይጎድላል፣ ጨምሩ። የላይኛው ቱቦ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፣ ያኔ ሞልታችሁ ክዳኑን ዝጉ። ከዚያ በላይ ክፍት አታቆዩት፣ 92ን አስታውሱ።

በዚህ ሰዓት ወደ ራዲያተሩ አንገት ተመልከቱ። በመጀመሪያ አንዳንድ አረፋ መውጣቱ የአየር ነው፣ ያቆማል። ጋዝ ስትሰጡ አረፋው ከበዛና ጨርሶ የማያቆም ከሆነ፣ ወይም የዘይቱ መለኪያ ላይ እንደ ማኪያቶ ያለ ነገር ካያችሁ፣ ወይም ሞተሩ ሞቆም ከማርሚታው ነጭ ጭስ ካልጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። እሱን ሥራ ግቢ ውስጥ አትጀምሩት። ቴስታታው ወርዶ ሬቲፊካ ቤት (የሞተር ክፍል የሚለካበትና የሚስተካከልበት) ልክነቱ መታየት አለበት፣ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ የሚመልስ መካኒክ ካገኛችሁም «ቴስታታው ተለክቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሁሉም ደህና ከሆነ አንድ ዙር ነድታችሁ አስቀምጧት፣ በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዛ ሳለች ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) አጥብቁ፣ የጎደለውን ሙሉ። ለሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት ደረጃውን እዩ። ውጭ ላይ ምንም ሳያፈስ በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ የካቢኑን ምንጣፍ ዳስሱ፣ የማሞቂያዋ ራዲያተር ውስጥ ለውስጥ ልታፈስ ትችላለች። እሱም ደረቅ ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ውሃውን ወደ ሲሊንደር እያሳለፈ ሊሆን ስለሚችል የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን አስለኩ።