ከአርክቴክቸር ተመርቆ ሌላ እንጀራ እንዴት ይጀመራል፦ ጎጃም ላለ ምሩቅ

አምስት ዓመት ስቱዲዮ እያደራችሁ፣ ሞዴል ስትቆርጡ ጣታችሁን ጭምር እየቆረጣችሁ ተመርቃችኋል። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ስትመለሱ ግን አርክቴክት የሚቀጥር ቢሮ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ያለውም ልምድ ይጠይቃል። ዲዛይን ፈርሞ ለማስጸደቅ ደግሞ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወረፋው እስኪደርስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን የግድ አይደለም።

ደረጃ 1፦ የማይሰለቻችሁን ሥራ ለዩ

የትምህርት ቤት ፕሮጀክቶቻችሁን አውጡና እዩ። ሰዓቱ ሳይታወቃችሁ የነጎደው ምን ስትሠሩ ነው? ዲቴይል (የመጋጠሚያና የክፍልፋይ ዝርዝር ሥዕል) ስትስሉ፣ ሞዴል ስትሠሩ፣ ቦታ ስትለኩ ወይስ ሬንደር (ፎቶ የሚመስል የኮምፒውተር ምስል) ስታወጡ? አንዱን ያዙ። ሁሉንም እሠራለሁ የሚልን ሰው ሥራ ሲመጣ ማንም አያስታውሰውም።

ደረጃ 2፦ መንገዱን ምረጡ

ቶሎ ብር የሚያመጣው፣ በእኔ ግምት፣ የቁሳቁስ ብዛትና የዋጋ ስሌት ነው፤ ሳይት ላይ ቴክ ኦፍ የሚሉት። ፎቅ ሊያሠራ የተነሳ ነጋዴ ስለ ሕንፃው መልክ ከማንሳቱ በፊት «ልጄ፣ ስንት ብር ይበላል?» ይላል። መልሱ ከቀላል ሒሳብ ይጀምራል። 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል እንውሰድ። ዙሪያው 18 ሜትር፣ ግድግዳው 54 ካሬ ነው። በሩን 0.9 በ2.1፣ መስኮቱን 1.2 በ1.5 ስትቀንሱ 50.31 ካሬ ይቀራል። ፊቱ 40 በ20 ሳንቲም የሆነ ብሎኬት በካሬ 12.5 ይገባል፤ 629 ብሎኬት ማለት ነው። ለሚሰበረው 5 በመቶ ጨምሩ፣ 660 ገደማ ሆነ። ወደ አሸዋ፣ ሲሚንቶና ብረት የምትቀጥሉትም በዚሁ መንገድ ነው። የነጠላ ዋጋውን ግን ከኢንተርኔት አታምጡ፤ የማጓጓዣው ሒሳብ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ሱቅ ገብታችሁ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበትንም ቀን ሠንጠረዡ ላይ ጻፉ። ዋጋው ሲንር የሚያድናችሁ ያ ቀን ነው።

እጃችሁ ሥራ የሚወድ ከሆነ ወደ እንጅባራ ተመልከቱ። አዊ የደጋ ቀርከሃ አገር ነው፤ ወንበርና አልጋ የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ። እነሱን ልብለጣችሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ እናንተ የምትጨምሩት ልኬት፣ የመጋጠሚያ ንድፍና ደጋግሞ አንድ ዓይነት ዕቃ ማውጣት ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ቀርከሃ በበጋ አስቆርጡ፤ ለጋው ስታርች ስለሚበዛበት ነቀዝ ይወደዋል። በቦራክስና ቦሪክ አሲድ ውኃ አርሳችሁ ጥላ ሥር አቁማችሁ አድርቁ። የወንበር እግር ስትቆርጡ አንጓው መጋጠሚያው አጠገብ እንዲውል አድርጉ፤ ቀርከሃ የሚሰነጠቀው በሁለት አንጓ መካከል ባለው ባዶ ክፍል ላይ ነው። ንድፉን በእውነተኛ መጠኑ ወረቀት ላይ ሳሉለት፤ ባለሙያው በስኬል አንሶ ከተሠራ ሥዕል ይልቅ ላዩ ላይ ቀርከሃውን አጋድሞ የሚለካበትን ይመርጣል።

ቅርስ መለካት ሌላው ነው። ገንዘቡ ቶሎ አይመጣም፤ ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማሳያ ስብስብ) ግን እንደሱ የሚያደምቅ የለም። መርጡለ ማርያም ያለው የእቴጌ እሌኒ ሕንፃ ፍርስራሽ፣ ዘጌ ላይ እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በጎጃም ምድር ናቸው። አስቀድማችሁ ከደብሩ አስተዳዳሪና ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ያዙ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ላይ አንድ ችግር ይገጥማችኋል፤ የክቡ መሐል መቅደሱ ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ አይገባም። ስለዚህ ከቅኔ ማኅሌቱ ሆናችሁ በውጨኛው ግድግዳ ውስጠኛ ፊት ላይ 4 ሜትር ገመድ ከነጥብ ወደ ነጥብ ወጥሩ፤ ከገመዱ መሐል እስከ ግድግዳው ያለውን ለኩ። 25 ሳንቲም ቢሆን፣ 4 በ4 ሲባዛ 16 ነው፤ ይህን 8 ጊዜ 0.25 ለሆነው 2 ስታካፍሉት 8 ይሆናል፤ የ0.25ን ግማሽ ስትጨምሩበት ሬዲየሱ፣ ማለትም ከክቡ መሐል እስከ ግድግዳው ያለው፣ 8.125 ሜትር ነው። በእጅ የተሠራ ግድግዳ ክቡ ፍጹም ስለማይሆን ሦስት አራት ቦታ ላይ ድገሙት። መቅደሱን በሥዕሉ ላይ ባዶ ተዉት።

ስሪዲ ምስል ለሚወድ ብሌንደር፣ ካርታ ለሚወድ ኪውጂአይኤስ የተባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ። ሁለቱም ቤት ተቀምጦ የሚሠራባቸው ናቸው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ፋይል መላክ ቢያቅትም ሥራው አይቆምም።

ደረጃ 3፦ አንድ ናሙና ሥሩ

ደንበኛ ሳይመጣ አንድ ሙሉ ሥራ ጨርሱ። የአጎታችሁ ቤት የዋጋ ሠንጠረዥም ይሁን አንድ የቀርከሃ ዱካ፣ ሰው በእጁ ይዞ የሚያየው ይሁን። «ኢንጂነሩ መጣ» እያሉ ለሚያቆላምጧችሁ ዘመዶች ምን እንደምትሠሩ ከማስረዳት ይህንኑ ማሳየት ይቀላል።

ደረጃ 4፦ ዋጋና ቀብድ

ምን እንደምታስረክቡ፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደምታስተካክሉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ «ትንሽ ብቻ ቀይርልኝ» ማለቂያ የለውም። ዘመድም ቢሆን ቀብድ ተቀበሉ። ቀሪው እስኪከፈል የምትልኩት ፒዲኤፍ ብቻ ይሁን፤ ሊቀየር የሚችለው የአውቶካዱ ፋይል እናንተ ዘንድ ይቆይ።