ለዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ ለሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ) የራስን ምትሃታዊ ዕቃ መንደፍ

ከቁጥር አትጀምሩ። መጀመሪያ ዕቃው ተጫዋቹ እስካሁን የማይችለውን ምን እንደሚያስችለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። +1 ሰይፍን (በዳይሱ ውጤት ላይ 1 የሚጨምረውን) ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንም አያስታውሰውም።

የጉም ፋኖስ እንሥራ። 3 ቻርጅ (ምትሃቱን 3 ጊዜ የሚያሠራ ኃይል) አለው፤ በአንድ አክሽን (ተጫዋቹ በተራው በሚያደርገው ድርጊት) 1 ቻርጅ ሲያወጣ በ20 ጫማ ሬዲየስ ጉም ይለቃል፤ ጎህ ሲቀድ ቻርጁ ይሞላል። ይህ የአንደኛ ደረጃ አስማት ሥራ ስለሆነ «አንኮመን» (ብዙም ብርቅ ያልሆነ) የሚለው የብርቅነት ደረጃ ይበቃዋል።

አሁን «ያዡ በጉሙ ውስጥ ያያል» የሚል መስመር ጨምሩበት። ያምራል፤ ግን ያዡ ጠላትን እያየ ጠላት አያየውም። ሲመታ ሁለት ዳይስ ጥሎ ትልቁን ይወስዳል፤ ሲመቱት ትንሹን ይወስዳሉ። ጉሙ 1 ሰዓት ከቆየ ውጊያው ገና ሳይጀመር አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ጊዜውን ወደ 1 ደቂቃ አውርዱ፣ ደረጃውን «ሬር» (ብርቅ) አድርጉት፣ አቱንመንትም (ዕቃውን ከያዡ ጋር በምትሃት ማስተሳሰር) ይጠይቅ። አንድ ገጸ ባሕርይ በአቱንመንት የሚይዘው 3 ዕቃ ብቻ ስለሆነ ሌላ ነገር መተው ይኖርበታል። (ጉሙ የጓዶቹንም ዓይን ይጋርዳል፤ ይህን አታስተካክሉት፣ ጨዋታው ያለው እዚያ ነው።)

በጨዋታው ሕግ አምስተኛ እትም +1 ማለት በባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ የ5 በመቶ ዕድል ልዩነት ነው። መሣሪያ ላይ ብዙም አይጎዳም። ጥሩርና ጋሻ ላይ ሲደራረብ ግን ጭራቁ መምታት ያቅተዋል፤ እናንተ ጭራቁን ስታጠነክሩት ደግሞ ጥሩር የሌለው ጠንቋይ ይሞታል።

ከተጠራጠራችሁ መጀመሪያ ቻርጁ የማይሞላ ፋኖስ ስጡ። ከበዛ በ3 አጠቃቀም ያልቃል።