ሲኩዌንስ ዲያግራም አልነበብ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሲኩዌንስ ዲያግራም የአንድ ሲስተም ተሳታፊዎች መልእክት የሚለዋወጡበትን ቅደም ተከተል በቀስቶች የሚያሳይ ሥዕል ነው። ለምሳሌ የምንወስደው በሞባይል ገንዘብ የሚከፈልበትን የኦንላይን ሱቅ ነው። አራት ተሳታፊዎች አሉት፦ ደንበኛው፣ አፑ፣ የትዕዛዝ ሰርቨሩና የክፍያ ሲስተሙ።

ምልክት፦ የትኛው ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል ይምታታል

ዲያግራሙን እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበባችሁት ነው። ጊዜ የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ብቻ ስለሆነ ከላይኛው ቀስት ጀምራችሁ ውረዱ። የተሳታፊዎቹ ሳጥኖች ግራ ወይም ቀኝ መሆናቸው ስለ ቅደም ተከተል ምንም አይናገርም። በሁለት ቀስቶች መካከል ያለው ክፍተትም ሰከንድ አይለካም።

ምልክት፦ ገንዘቡ ከደንበኛው ተቆርጧል፣ ትዕዛዙ ግን «አልተከፈለም» ይላል

ኮዱን ከመውቀሳችሁ በፊት የቀስቶቹን ጫፍ እዩ። ሙሉ መስመር ከተሞላ ጫፍ ጋር ሲሆን ላኪው መልስ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። ሙሉ መስመር ከክፍት ጫፍ ጋር ከሆነ ልኮ ወደ ሥራው ይቀጥላል። የተቆራረጠ መስመር ደግሞ መልስ ነው።

እዚህ ላይ ዲያግራሙን የሳለው ሰው ከትዕዛዝ ሰርቨሩ ወደ ክፍያ ሲስተሙ የተሞላ ቀስት ሰድዶ፣ ወዲያው «ተከፍሏል» የሚል የተቆራረጠ መልስ መልሷል። እውነታው ሌላ ነው። ክፍያ ሲስተሙ መጀመሪያ የሚመልሰው «ጥያቄው ደርሶኛል» ብቻ ነው፤ ደንበኛው በስልኩ የሚስጥር ቁጥሩን ካስገባ በኋላ ነው ውጤቱ በራሱ መንገድ፣ በኮልባክ (ክፍያ ሲስተሙ ራሱ ኋላ ወደ ሰርቨሩ በሚልከው መልእክት) የሚመጣው። ዲያግራሙን አምኖ ኮድ የጻፈው ሰው የመጀመሪያውን መልስ እንደ መጨረሻ ቆጠረው፤ «ተከፍሏል» ስላላለም ትዕዛዙን አልተከፈለም ብሎ መዘገበ። ኋላ የመጣውን ውጤት የሚቀበል ኮድ የለም፣ ዲያግራሙ ላይ አልነበረማ!

መፍትሄው የተቆራረጠውን መልስ «ጥያቄው ተመዝግቧል» ብሎ መሰየም፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከክፍያ ሲስተሙ ወደ ሰርቨሩ «የክፍያ ውጤት» የሚል ክፍት ጫፍ ያለው ቀስት መጨመር ነው። ውጤቱ ጭራሽ ባይመጣስ? እሱንም ሳሉት። ብዙ ቡድን ለሳጥኖቹ ቀለም ሲጨነቅ ይህን ይዘለዋል።

አሮጌ ሰነድ ላይ ግማሽ ጫፍ ብቻ ያለው ቀስት ካያችሁ አትደናገጡ፤ ከዩኤምኤል 1.4 በፊት የአሲንክሮነስ (መልስ ሳይጠበቅ የሚላክ) መልእክት ምልክት ነበር። ዩኤምኤል የእነዚህ ዲያግራሞች መደበኛ የምልክት ቋንቋ ነው።

ምልክት፦ ከአንድ መሣሪያ ወደ ሌላ ሲገለበጥ ቀስቶቹ ይለወጣሉ

ከጽሑፍ ዲያግራም የሚስሉት ፕላንትዩኤምኤልና ሜርሜይድ የተባሉ መሣሪያዎች ተመሳሳይ ምልክት ለተለያየ ነገር ይጠቀማሉ። «->» በፕላንትዩኤምኤል የተሞላ ጫፍ ሲሰጥ፣ በሜርሜይድ ጫፍ የሌለው መስመር ይሆናል። «->>» በፕላንትዩኤምኤል ክፍት ነው፣ በሜርሜይድ ግን የተሞላ። በሜርሜይድ ክፍት ጫፍ የምታገኙት በ«-)» ነው። ስለዚህ ገልብጣችሁ ከለጠፋችሁ በኋላ ቀስቶቹን አንድ በአንድ አረጋግጡ።

ምልክት፦ ክፍያው የተሳካም ያልተሳካም ይመስላል

«ኦልት» (አማራጭ) የሚል ፍሬም፣ ማለትም መልእክቶችን የሚከብብ ሳጥን፣ ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከታትላችሁ አንብባችኋል። የሚፈጸመው አንዱ ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ በካሬ ቅንፍ ያለው ቅድመ ሁኔታ ይነግራችኋል። ክፍሎቹን የሚለየው አግድም የተቆራረጠ መስመር ጫፍ ስለሌለው ከመልስ ጋር አታምታቱት። «ፓር» (ጎን ለጎን) ከሆነ ግን ሁሉም ክፍሎች ይፈጸማሉ፣ የአንዱ ክፍል መልእክቶች በሌላው መሃል ሊገቡም ይችላሉ።

ፍሬም በፍሬም ውስጥ ሦስት ደረጃ ከደረሰ የውስጠኛውን አውጥታችሁ ለብቻው ሳሉት፣ በቦታው ወደ እሱ የሚጠቁም «ሬፍ» የሚል ሳጥን ተዉ።